ካናቢስ በሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ከስካሩ እስከ ሽንት ምርመራው

«ስንት ቀን ይቆያል?» በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ምርመራ አለበት። አንዱን ድርጅት በሹፌርነት ሊቀጥረው ነው፤ አንዷ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ቀን ተቆርጦላታል፤ ሌላው ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ የሚለማመድ ሯጭ ነው። ሁሉም የሚፈሩት ሽንታቸውን ነው።

ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን ያረፈበት ቦታ የተሳሳተ ነው እንላለን። ሽንት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቅሪት ማንንም አያሰክርም፣ መኪናም አያስገለብጥም። ሰው የሚጎዳው «አሁን ለቀቀኝ» ካለ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለ እነዚያ ሰዓታት ግን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ለሚለው አንድ መልስ የለውም። ስካሩ የራሱ ጊዜ አለው፤ የእጅና የዓይን ቅንጅት የሚመለስበት ሌላ ጊዜ አለው፤ ምርመራ ላይ የሚታየው ቅሪት ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ የራሱ ጊዜ አለው። አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ሲጨስና ሲበላ አንድ አይደለም

የሚያሰክረው የካናቢስ (የጋንጃ) ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ራፋኤል መሹላምና የሺኤል ጋኦኒ እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ ለይተው አውጥተውታል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ግን በደንብ ይሟሟል። ከዚህ በታች የምንለው አብዛኛው ነገር ከዚህች ባሕርይ የሚመጣ ስለሆነ አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ጋንጃ ሲጨስ ቲኤችሲው ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው በሰከንዶች ውስጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካና ወዲያው ማሽቆልቆል ይጀምራል። ያሽቆለቆለው ግን ከሰውነት ስለወጣ አይደለም፤ ከደሙ ተነስቶ ወደ አንጎል፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ቀስ ብሎም ወደ ስብ ስለሄደ ነው። ለዚህ ነው ስካሩ ከደሙ ዘግይቶ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ የሚበረታው። ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ላጨሰ ወይም ላልለመደው ሰው እስከ 6 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። የልብ ምት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይጨምራል፤ ዓይን ይቀላል፣ አፍ ይደርቃል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 0.4 ግራም ቅጠል 10 በመቶ ቲኤችሲ ቢኖረው 40 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሲጨስ ከዚህ ውስጥ ደም የሚደርሰው ከ10 እስከ 35 በመቶው ነው፤ ይኸውም ከ4 እስከ 14 ሚሊ ግራም። ሌላው በእሳቱ ይቃጠላል ወይም ከጢሱ ጋር ይበናል። እንግዲህ ያው አንድ ጥቅልል ለአንዱ 4፣ ለሌላው 14 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በተጨማሪም ቅጠሉ ራሱ ተለውጧል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ የያዘው ካናቢስ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ ነበረው፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። እኛ ዘንድ በወረቀት ተጠቅልሎ እጅ በእጅ የሚዞረው ቅጠል ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። «ትናንት ያን ያህል አጭሼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ስሌት የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በምግብ ወይም በመጠጥ ተቀላቅሎ ሲወሰድ ነገሩ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ከአንጀት ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት አብዛኛውን ይሰባብረዋል፤ ሲሰባብረው ግን 11-ሃይድሮክሲ-ቲኤችሲ የሚባል፣ ራሱ የሚያሰክርና አንጎል ውስጥ በቀላሉ የሚገባ ሌላ ንጥረ ነገር ይሠራል። የተበላው መሰማት የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ድብታው ለማግስቱ ሊያድር ይችላል።

አደጋው የሚፈጠረው በመጠበቂያው ሰዓት ነው። ሰው ቁራሽ ይበላል፤ 45 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ምንም የለም። «ይሄማ አይሠራም» ብሎ ሁለተኛ ይደግማል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ሁለቱ ተደራርበው ይመጡበታል። ካናቢስ በተፈቀደባቸው አገሮች የሚበላው ምርት ላይ መጠን የተጻፈውና ካናዳ በአንድ እሽግ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይኖር የከለከለችው እንዲህ ያለ ነገር ስለሚደርስ ነው። ሌላም አለ፦ ስብ የበዛበት ምግብ አብሮ ከተበላ ወደ ደም የሚገባው ቲኤችሲ ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ጣሪያ የሚነካበትም ሰዓት ይዘገያል። ያዞረውን ሰው «ወተት ያረክሰዋል» ብሎ ትኩስ ወተት በብርጭቆ ማጠጣት በየሰፈሩ ይታያል። በአፍ ለተወሰደ ካናቢስ ይህ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረው እንዲመጠጥ ያግዛል።

መሪ የሚያዝበት ሰዓት

ከጽሑፋችን ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ይነበብ ብንባል ይህን እንመርጣለን።

የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሥራ 80 ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመው ነበር። እንደ መጠኑና እንደ አወሳሰዱ፣ ለመንዳት የሚያስፈልጉ ችሎታዎች ከ3 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ተዳክመው እንደሚቆዩ አገኙ። 20 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ያጨሰ ሰው አብዛኛው ችሎታው በ5 ሰዓት ገደማ ይመለሳል፤ ሁሉም ለማለት በሚቻል መልኩ የሚመለሰው ግን በ7 ሰዓት ነው። የበላ ሰው ከዚህ የረዘመ ጊዜ ያስፈልገዋል። በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ 191 አጫሾችን በመንዳት መለማመጃ ማሽን ላይ አስቀምጦ የፈተነ ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነገር አሳየ። ካጨሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙዎቹ «አሁን መንዳት እችላለሁ» ማለት ጀመሩ፤ ማሽኑ የመዘገበው አነዳዳቸው ግን ገና አልተሻሻለም ነበር። ስሜቱ ቀድሞ ይመለሳል፤ ችሎታው ይዘገያል።

እዚህ አካባቢ አምጥተን እንየው። ከባድ መኪና ሌሊት ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር አሸዋ ጭኖ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከቱሉ ዲምቱ ሊነሳ ነው እንበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አጨሰ። 3:30 ላይ ስካሩ በርትቷል። 5 ሰዓት ላይ እራቱን በልቷል፣ ጨዋታው ተስተካክሏል፣ ሳቁ ቆሟል፤ ጓደኛውም «ደህና ነህ» ይለዋል። 7 ሰዓት ላይ ቁልፉን ሲያዞር ያለፈው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ምን ጎድሎታል? መስመሩን ይዞ መሄድ፤ በአንድ ጊዜ መስታወቱንና ከጎን የገባውን ባጃጅ ማየት፤ ከፊት ያለው አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ርቀቱን መገመት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጉድለቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነዳም ጥንቃቄ ያለው ይመስላል። ያልጠበቀው ነገር ሲገባበት ነው የሚታወቀው። የፍጥነት መንገዱ ላይ ከሆነ ደግሞ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ነው። ካጨሰ በኋላ 8 ሰዓት ይለፈው ካልን ይህ ሹፌር መነሳት ያለበት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው።

ያው ሹፌር በ3 ሰዓት ያጨሰ ሳይሆን የበላ ቢሆንስ? እስከ 4፣ እስከ 4:30 ምንም ላይሰማው ይችላል። ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይበረታበታል፤ መኪናውን የሚያስነሳው ልክ ጣሪያው ላይ ሆኖ ነው ማለት ነው። እሱ እስከ ማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ መሪ ባይነካ ነው የሚሻለው።

ጫትና ቢራ ሲጨመሩበት ስሌቱ ይበላሻል። ከሰዓት ቅሞ፣ ማታ ለጨብሲ ቢራ ቀምሶ፣ መሐል ላይ ጋንጃ ያጨሰ ሰው በዚህ መስመር ላይ እንግዳ አይደለም። ምርቃናው ያነቃዋል፤ ንቃት ግን ፍርድ አይደለም። እንቅልፉ ስለሄደለት ስካሩም የሄደለት ይመስለዋል። አልኮል ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን የቲኤችሲ መጠን ከፍ ያደርጋል፤ መስመር መሳቱም ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ከሚደርሰው የባሰ ይሆናል። ጫትም ካናቢስም የልብ ምት ስለሚጨምሩ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስድ ደረቱን ሊወጋው፣ ሊደክመው ይችላል። ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ ተኝቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ሕክምና ነው።

ለሕንፃ ሠራተኛም ያው ነው። በባሕር ዛፍ አጣና የታሰረ መወጣጫ ላይ አራተኛ ፎቅ ቆሞ ልስን የሚለስን፣ በጋላን ወይም በቂሊንጦ ፋብሪካ ማሽን ፊት የሚቆም ሰው የሚያስፈልገው ሚዛንና ትኩረት ሹፌር ከሚያስፈልገው አያንስም። በምሳ ሰዓት ያጨሰ ከሰዓት በኋላ ወደ መወጣጫው መውጣት የለበትም፤ ፎርማኑም ይህን ሲያይ ሠራተኛውን ምድር ላይ የሚሠራ ሥራ መስጠት አለበት።

የትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያ የሚለካው አልኮል ነው፤ ካናቢስን አያሳይም። ደም መለካትም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ጀርመን ከ2024 ጀምሮ በአንድ ሚሊ ሊትር የደም ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) 3.5 ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ቲኤችሲን ለሹፌር ወሰን አድርጋለች፤ ካናዳ 2 እና 5 ናኖግራም ላይ የተለያየ ቅጣት ትጥላለች። ሆኖም በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ቀናት አልፈውትም ደሙ ውስጥ ትንሽ ቲኤችሲ ሊገኝ ይችላል፤ አልፎ አልፎ የሚያጨሰው ደግሞ ገና ስካሩ ሳይለቀው ደሙ ከወሰኑ በታች ሊወርድ ይችላል። ከአልኮል ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። በካናቢስ ጉዳይ ሹፌርን ከመሪ ማራቅ የሚችለው ከመሣሪያ ይልቅ ያለፈው ሰዓት ነው።

ሽንት ውስጥ ምን ይታያል?

ምርመራው የሚፈልገው የሚያሰክረውን ቲኤችሲ አይደለም። ጉበት ሥራውን ጨርሶ የሚያወጣውን፣ ምንም የማያሰክረውን ቅሪት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሽንት ምርመራ «ይህ ሰው ካናቢስ ወስዶ ያውቃል» ይላል እንጂ «አሁን ሰክሯል» ሊል አይችልም። መቼ፣ ምን ያህል እንደወሰደም አይናገርም።

ቅሪቱ የሚዘገየው ከስቡ የተነሳ ነው። ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ሽታውን ለወራት ይዞ እንደሚቆይ፣ የሰውነት ስብም ቲኤችሲን ይዞ ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል። አንዴ ያጨሰ ሰው ስቡ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ ነው። በየቀኑ የሚያጨስ ግን ሳይወጣ ሌላ ይጨምርበታል፣ ይጠራቀማል። አልፎ አልፎ በሚያጨስ ሰው በሰውነቱ ያለው ግማሽ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል፤ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ግን ከ5 እስከ 13 ቀን ይደርሳል።

የተለመደው የሽንት ወሰን፣ ማለትም «ተገኝቷል» የሚያስብለው መጠን፣ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ነው። በዚህ ወሰን አንድ ጊዜ ብቻ ያጨሰ ሰው ከ1 እስከ 3 ቀን ይታይበታል። በሳምንት ጥቂት ቀናት የሚያጨስ እስከ 5 ወይም 7 ቀን፣ በየቀኑ የሚያጨስ ከ10 እስከ 15 ቀን፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ያጨሰ ደግሞ ከ30 ቀን በላይ። ከከባድ አጫሾች መካከል ካቆመ ከ77 ቀን በኋላ የተገኘበት ሰው በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ምራቅ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ያሳያል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከሥሩ የተቆረጠ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ፀጉር የ3 ወር ታሪክ ይይዛል፤ ሆኖም አንድ ቀን ያጨሰን ሰው ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

በየክሊኒኩ የሚሠራበት መመርመሪያ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ቁራጭ ነው፤ አነባበቡ ግን ተቃራኒ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሲ» ከተጻፈበት ጎን የሚወጣው መስመር ቁራጩ እንደሚሠራ ይናገራል። «ቲ» ጎን መስመር ከወጣ ካናቢስ አልተገኘም ማለት ነው፤ መስመሩ ፈዝዞ ለዓይን የሚያዳግት ቢሆንም እንኳ አልተገኘም ነው። «ቲ» ጎን ባዶ ከሆነ ተገኝቷል። «ሲ» ራሱ ካልወጣ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ በሌላ ቁራጭ ይደገማል። የሚነበበው በ5 ደቂቃ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚታየው አይታመንም። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያገኘው ወይም ጊዜው ያለፈበት ቁራጭ ይስታል። ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከማቸ ካርቶን ከሆነ ከመጠቀም በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

ቁራጩ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ለኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጠው ኢፋቪሬንዝ አንዳንድ የካናቢስ ማጣሪያዎችን ያሳስታል። ይህ መድኃኒት በአገራችንም ዶሉቴግራቪር እስኪተካው ድረስ ለዓመታት የመጀመሪያ ምርጫ ሕክምና አካል ነበር። ለጨጓራ የሚሰጠው ፓንቶፕራዞልም እንዲህ ያለ ስሕተት እንደሚፈጥር ተዘግቧል። ስለሆነም በማጣሪያ ውጤት ብቻ ሰውን ከሥራ ማባረር ወይም ጉዞውን ማስቀረት ፍትሕ አይደለም። ናሙናው ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባለው ዘዴ መረጋገጥ አለበት፤ በዚህ ጊዜ ወሰኑ 15 ናኖግራም ይሆናል፤ መድኃኒትና ካናቢስም አይምታቱም። ተመርማሪውም የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከናሙናው በፊት ለባለሙያው ይናገር። በሌላ ሰው ጢስ ምክንያት መገኘት ይቻላል ወይ? መስኮትና በር በተዘጋ ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ሰው እያጨሰ፣ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሽንት ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ታይቷል። መንገድ ላይ ወይም አየር በሚገባበት ቤት ውስጥ በሸተተው ጢስ ግን አይታሰብም።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር ቡና፣ ስቲም ገብቶ ማላብ፦ አንዳቸውም ከስብ ውስጥ ቲኤችሲ አያወጡም። አብዛኛው ከሰውነት የሚወጣው በሰገራ ሲሆን በሽንት የሚወጣው ከእሱ ያነሰ ነው፤ በላብ የሚወጣው ከቁጥር አይገባም። ብዙ ውሃ መጠጣት ሽንቱን ያቀጥነዋል እንጂ ሰውነቱን አያጠራም፤ ላብራቶሪም ክሬአቲኒን የሚባለውን የሽንት ንጥረ ነገርና የሽንቱን እፍግታ ስለሚያይ የቀጠነ ናሙና እንደገና ይጠየቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ውሃ መጠጣት የደምን ጨው አውርዶ ሰው ይጥላል። ምርመራው ሊደርስ ሲል በረሃብና በሩጫ ስብ ለማቅለጥ መሞከርም አይረዳም። አዘውታሪ አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ ሰዓት በላይ ብስክሌት ሲነዱ በደማቸው ያለው ቲኤችሲ ትንሽ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ለመጥራት የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ማቆምና ጊዜ መስጠት።

ለሯጮች ወሰኑ ይለያል። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ካናቢስን የሚከለክለው በውድድር ወቅት ነው፤ የሽንት ወሰኑ 150 ናኖግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት 15 ነበር። የውድድር ወቅት የሚባለው ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ሌሊት ከ5:59 ጀምሮ ነው። ከ2021 ወዲህ፣ አወሳሰዱ ከውድድር ውጭ እንደነበረና ከብቃት ጋር እንደማይገናኝ ካስረዳ፣ ቅጣቱ 3 ወር ነው፤ ሕክምና ከተከታተለ ወደ 1 ወር ይወርዳል። አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን በዚያው ዓመት በአንድ ወር እገዳ የቶኪዮ ኦሎምፒክ አምልጧታል። በየቀኑ ያጨሰ ሯጭ ግን «ካቆምኩ ሳምንቴ ነው» ብሎ መተማመን አይችልም።

ካቆሙ በኋላ

ቲኤችሲ አንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ተቀባይ ሲቢ1 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የታወቀው። ብዙ የሚገኘው ትውስታንና የሰውነት ሚዛንን በሚመሩ ቦታዎች ነው። በየቀኑ ሲመታ የነቃው ተቀባይ ቁጥር ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው የለመደ ሰው እየጨመረ የሚሄደው። ካቆመ በኋላ ማገገሙ በሁለተኛው ቀን ይጀምራል፤ በ4 ሳምንት ገደማ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይጠጋል።

በመሐሉ ያለውን ጊዜ ቤተሰብ ቢያውቀው ጥሩ ነው። አዘውትሮ ያጨስ የነበረ ልጅ ካቆመ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይጠላል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ሕልሙ ይበዛል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባዱ ነው፤ አብዛኛው በ2 ሳምንት ይለቃል፣ እንቅልፉ ግን አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። «ከማጨሱ ይልቅ ማቆሙ አሳበደው» ተብሎ በአራተኛው ቀን ወደ ማጨሱ እንዲመለስ ዝም የሚባለው ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ቡናና ጫት ይቀነሱ፣ ሌሊት ስልክ ይራቅ፣ ቀን ይንቀሳቀስ።

ከዚህ የተለየው ድምፅ መስማት፣ «ሊገድሉኝ ነው» ማለትና የማይያያዝ ንግግር ነው። ስካሩ ላይ ሳለ ሊመጣና በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ ከአንድ ቀን ካለፈ ግን ሐኪም ማየት አለበት። በየቀኑ፣ በተለይ ጠንካራውን፣ የሚያጨሱ ሰዎች ለሥነ ልቦና መቃወስ ያላቸው ተጋላጭነት ከማያጨሱት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በአውሮፓ ከተሞች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 አሳይቷል። በዘመዱ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትና ገና በአፍላ ዕድሜው የጀመረ ይበልጥ ይጋለጣል። አማኑኤል ሆስፒታልና ለምሥራቁ ዳርቻ የሚቀርበው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይህን ያክማሉ። እንጦጦ ፀበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን አያቋርጡበት፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ለዓመታት አዘውትሮ ያጨሰ ሰው ማቆሚያ በሌለው ትውከት ሲያዝና በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ብቻ ሲቀለው፣ ጨጓራ ወይም መርዝ ተብሎ ብዙ ይንገላታል። ካናቢሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የሚድነውም ሲያቆም ነው። ለምታጠባ እናት ደግሞ፣ ቲኤችሲ ወደ ጡት ወተት ይገባል፤ ካጨሰች ከ6 ቀን በኋላ ወተቷ ውስጥ ተገኝቷል፤ አልቦ መድፋት አያጠራውም።

ሲከፋ

አዋቂ ሰው ልቡ ሲመታና ሲደነግጥ ጸጥ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ውሃ ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ እንደሚያልፍ መንገርና ብቻውን አለመተው ይበቃል። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፈጥነውም። ደረቱን ከወጋው፣ ከወደቀ ወይም ሊነቃ ካልቻለ 907 ተደውሎ አምቡላንስ ይጠራ።

ሕፃን ከሆነ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ካናቢስ ያለበት ብስኩት የበላ የ2 ወይም የ3 ዓመት ልጅ ከአንድ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ይደብተዋል፣ ሲራመድ ይወላገዳል፣ ትንፋሹ ሊዘገይ ይችላል፤ ከአንድ ቀን በላይም ሊቆይበት ይችላል። አያስመልሱት፣ ወተት አያጠጡት፣ በጎኑ አስተኝተው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። ወላጅ እዚህ ላይ የሚዘገየው ሕጉን ፈርቶ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማብቀልንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም ይቀጣል፤ ስለዚህ «ምን እንደበላ አናውቅም» ይባላል። ሐኪሙም ማጅራት ገትር ነው ወይስ ጭንቅላቱን ተመትቷል እያለ ከጀርባ አጥንቱ ፈሳሽ ይቀዳል፣ ጭንቅላቱን ራጅ ያስነሳል፣ ሰዓቱም ይሄዳል። ምን እንደበላ፣ በስንት ሰዓት እንደበላና ምን ያህል እንደጎደለ ለሐኪሙ ብቻ በጆሮው ይንገሩት፤ የተረፈውን ብስኩትም ይዘው ይሂዱ።